የተራራ ምንጭን ያለ ጠብ ለመካፈል

የተራራ ወንዝ ጠልፎ በቦይ ማጠጣት ለደጋው ገበሬ አዲስ አይደለም። በአማራ ክልል የውኃ አባት፣ በትግራይ አቦ ማይ የሚባለው ተመራጭ ተራ ሲያወጣ ኖሯል። ዛሬ ግን ተራው እንዳለ ሆኖ መሬቱ ተለውጧል፤ ገብስ የነበረው ሽንኩርት፣ ግጦሽ የነበረው ባሕር ዛፍ ሆኗል። ስለዚህ ግርጌ ላይ ጠብ ሲነሣ ከምንጩ በላይ ያለውንም መሬት ማየት ያስፈልጋል።

የሚያስፈልገው፦ አፉ የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን፣ አጭር ቱቦ፣ ሰዓት ያለው ስልክ፣ ገመድ፣ ውኃ ልክና ደብተር።

1. ውኃውን በጎደለበት ጊዜ ለኩ። በጥቅምት የሚወርደው ውኃ ያታልላል። የካቲት ላይ፣ የበልግ ዝናብ ሳይጥል፣ ቦዩን በጭቃና በድንጋይ ገድቡና ውኃው ሁሉ በቱቦው እንዲወጣ አድርጉ። ጄሪካኑ እስኪሞላ ያለውን ሰከንድ ቁጠሩ፤ ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ያዙ። በ4 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ 5 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። ልኬቱ የራስጌውም የግርጌውም ሰው ባለበት ይደረግ፤ በኋላ «ማን አየ?» የሚል እንዳይመጣ።

2. ስንት ጥማድ እንደሚያጠጣ አስሉ። በሰከንድ 5 ሊትር በቀን 432 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሰብሉ በቀን 6 ሚሊ ሜትር ውኃ ቢፈልግና ግማሹ በአፈር ቦይና በማሳ ውስጥ ቢባክን፣ ለአንድ ሄክታር በቀን 120 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ምንጩ የሚችለው 3.6 ሄክታር ያህል ነው፤ ጥማዱን ሩብ ሄክታር ብንይዘው 14 ጥማድ። ሃያ ጥማድ ከተዘራ ጠቡ የተዘራው ያን ዕለት ነው። ከሚችለው በላይ ያለው መሬት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዞ በቀሪ እርጥበት ይውጣ።

3. ተራውን በሰዓት አውጡ። ሽንኩርት ሥሩ አጭር ስለሆነ ብዙ ቀን ውኃ ሳያገኝ መቆየት አይችልም። ዙሩ 6 ቀን ቢሆን 144 ሰዓት ለ14 ጥማድ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 10 ሰዓት ይደርሳል፤ የሚተርፈው 4 ሰዓት መክፈቻ ለመቀያየር ይሁን። ሰዓቱ የሚቆጠረው ውኃው ማሳው ዳር ከደረሰ በኋላ ነው። ተራው በቅደም ተከተል ይሂድ፤ ከራስጌ ወደ ግርጌ እየዘለለ ከተመለሰ የደረቀው ቦይ በየጊዜው ድርሻውን ይጠጣል። የሌሊት ተራ በየዙሩ ከሰው ወደ ሰው ይዙር። የውኃ አባቱንም ከግርጌ ባለመሬቶች መካከል ምረጡ፤ ውኃው እርሱ ማሳ ከደረሰ ለሁሉም ደርሷል።

4. ከምንጩ በላይ ያለውን መሬት አሰናዱ። ምንጭ አጠገብና ረግረግ ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ ውኃውን ይሻማል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ጉቶው መነቀል አለበት። ይሁን እንጂ ለባለቤቱ ባሕር ዛፍ የቁጠባ ደብተሩ ነው፤ ባዶ እጁን አትስደዱት። ከምንጩ ርቆ ደረቅ ጭንጫ ላይ መትከያ ቦታ ወይም የውኃ ተራ ስጡት። ባሕር ዛፉ በተነቀለበት ቦታ ዋንዛ፣ ብሳናና ሣር ይተካ። ገደላማውን ከልቅ ግጦሽ ከልሉ፤ ሣሩ ታጭዶ ለባለ ከብቶቹ ይከፋፈል። በጥር፣ በገመድና በውኃ ልክ ቀይሳችሁ እርከንና ውኃ ማስረጊያ ቦይ ቆፍሩ። ሥራው ቢደክምም ይከፍላል፤ በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ነዋሪዎች በዚህ መንገድ የከርሰ ምድር ውኃቸው ተመልሶላቸው በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የኢኳተር ሽልማትን አግኝተዋል።

5. ማኅበር ሆናችሁ ደንቡን ጻፉና ተመዝገቡ። ሦስት ነገር ይግባበት፦ ቦይ ጠረጋ በማሳ ስፋት ልክ እንዲሆን፣ ውኃ የሰረቀ በመጀመሪያ ምክር፣ ሲደግም ገንዘብ፣ ሲሠልስ ተራ እንዲቀጣ፣ ከምንጩ በላይ ያለ መሬት አዲስ ነገር ሲተከልበት ማኅበሩ እንዲመክርበት። ሦስተኛውን ብዙ ማኅበር ይረሳዋል። ከምንጩ በላይ ያለው ባለመሬት በመስኖው ባይጠቀምም ጉባኤው ላይ ይጠራ። በአዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት የተመዘገበ የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት ስለሚኖረው በስሙ መዋዋልና መክሰስ ይችላል።

6. በየዓመቱ ለኩ። በዚያው ወር፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ጄሪካን ለክታችሁ ሰከንዱን ደብተር ላይ አስፍሩ። መሙያው ከ4 ወደ 5 ሰከንድ ካደገ ውኃው አንድ አምስተኛ ቀንሷል፤ 14ቱ ጥማድም ወደ 11 ይውረድ። መጀመሪያ የጎደለው በዝናብ እጥረት እንደሆነ አጣሩ፤ ዝናቡ ደህና ከነበረ ከምንጩ በላይ ውጡና የተለወጠውን ፈልጉ። የሚቀነሰው ጥማድ የማን እንደሚሆን የምትወስኑትም ዘር ከመግባቱ በፊት ነው።