መጻተኛው ርስቱን የሚቀበለው የት ነው?



ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 47ን ስናነብ ልባችን የሚቀረው ከቤተ መቅደሱ በሚወጣው ውኃ ላይ ነው። በምዕራፉ መጨረሻ፥ ከቁጥር 21 እስከ 23 ያለውን የርስት ድልድል ግን እንደ መዝገብ ቆጥረን እናልፈዋለን። ይህን የጻፈው ነቢይ ራሱ በባቢሎን ምርኮኛ ነበር። እርሱ እንደሚለው ምድሪቱ ስትከፈል በሕዝቡ መካከል ተቀምጠው ልጆች የወለዱ መጻተኞችም እንደ አገር ተወላጅ ድርሻ ያገኛሉ። ድርሻቸውም ሌላ ስፍራ ተፈልጎ የሚሰጥ አይደለም፤ አሁን አብረው ከሚኖሩት ነገድ ርስት ላይ ነው። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ትንሽ ትመስላለች። በዘመናችን ግን ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ጥያቄ ሆና ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1972 በቡሩንዲ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ብዙ ሰዎች፥ አብዛኞቹ ሁቱዎች፥ ወደ ታንዛኒያ ተሰደዱ። መንግሥት ኡሊያንኩሉ፥ ካቱምባና ሚሻሞ በተባሉ ሦስት ሰፈሮች አስቀመጣቸው፤ የእርሻ መሬትም ሰጣቸው። ጫካውን መንጥረው አረሱ፤ ከራሳቸው አልፈው ለገበያ የሚሆን እህል አመረቱ። እዚያው የተወለዱት ልጆች ቡሩንዲን የሚያውቋት በወላጆቻቸው ወሬ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ከ30 ዓመት በኋላም መጠሪያቸው ስደተኛ ነበር፤ ከሰፈሩ ለመውጣትም ፈቃድ መጠየቅ ነበረባቸው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ቡሩንዲ ከመመለስና ታንዛኒያዊ ከመሆን አንዱን እንዲመርጡ ተጠየቁ። ከአምስት እጅ አራቱ ያህል መቅረትን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከ162,000 ለሚበልጡት ዜግነት ተፈቀደ። ያን ያህል ስደተኛ በአንድ ጊዜ ዜጋ ያደረገ መንግሥት ከወዴት ይገኛል? ምስጋናውን መንፈግ አይገባም።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አዲሶቹ ዜጎች በአንድ ስፍራ ተሰብስበው ከቀሩ ከሌላው ሕዝብ ጋር አይዋሐዱም ተብሎ ስለ ተሠጋ ሰፈሮቹ ተዘግተው ሰዎቹ በልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር እንዲበተኑ ታቀደ። የዜግነት ወረቀቱም ሰፈሩን ከመልቀቅ ጋር ተያያዘ። ታንዛኒያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ የቡሩንዲውን ትተዋል፤ የታንዛኒያውን ደግሞ በእጃቸው አልያዙም። አባቱ የተቀበረበትን፥ በእጁ የመነጠረውን መሬት ለቅቆ ሂድ የተባለ ሰው ዜጋ ሆንክ ቢባል እንዴት ያምናል? እኔ እንደሚመስለኝ ሥጋቱ ከንቱ ባይሆንም ሕዝቅኤል አርቆ አይቷል፤ ሰው ከጎረቤቱ ጋር የሚዋሐደው ከጎረቤቱ ሳይነቀል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ፕሬዚዳንት ጃካያ ኪክዌቴ ወረቀቱን ማደል ጀመሩ፤ ሰዎቹም ባሉበት እንዲቀሩ ተፈቀደ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛ ለኢትዮጵያ ዜግነት ማመልከት እንደሚችል ይናገራል። መመዘኛው ያለው እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ነው። ቢያንስ 4 ዓመት በአገሪቱ መኖር፥ በቂ ገቢና መልካም ጠባይ ከሚጠየቁት መካከል ናቸው። ቋንቋን በተመለከተ ሕጉ አማርኛን ለይቶ አይጠይቅም፤ ከብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት ይበቃል። ስለዚህ በጋምቤላ የሚኖር ደቡብ ሱዳናዊ ከጎረቤቶቹ ጋር በኑዌርኛ የሚነጋገር ከሆነ ይህችን መመዘኛ አሟልቷል።

ለሚመጣው እሑድ ጥናት ዘሌዋውያን 19፥33-34ንና መጽሐፈ ሩትን አንብባችሁ ኑ።