በሃሎዊን ምሽት ልጆቻችሁን ከመኪና ጠብቁ

ኦክቶበር 31 ምሽት የአሜሪካ ሰፈሮች ጭምብል ባጠለቁ ልጆች ይሞላሉ። እየዞሩ በር ያንኳኳሉ፣ «ትሪክ ኦር ትሪት» ይላሉ፣ ከረሜላ ይሰጣቸዋል። ሆያ ሆዬ ብሎ ላደገ ወላጅ ልማዱ እንግዳ አይሆንበትም።

ብዙዎቻችን የምንፈራው ከረሜላው የተመረዘ እንዳይሆን ነው። ጉዳዩን ለዓመታት ያጠኑት የሶሲዮሎጂ ምሁር ጆኤል ቤስት ግን ከማያውቁት ሰው በተሰጠ የተመረዘ ከረሜላ የሞተ ልጅ ስለመኖሩ ማረጋገጫ አላገኙም። በ1974 ቴክሳስ ውስጥ የሞተውን የ8 ዓመት ልጅ የመረዘው የገዛ አባቱ ነበር። የመኪናው አደጋ ግን በቁጥር ይታወቃል። ከ1975 እስከ 2016 ያለውን የአሜሪካ መረጃ የመረመረና ጃማ ፒዲያትሪክስ ላይ የወጣ ጥናት፣ በሃሎዊን ምሽት እግረኛ ተገጭቶ የመሞት አደጋው በዚያው ሰሞን ካሉ ሌሎች ምሽቶች በ43 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከ4 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች ደግሞ 10 እጥፍ ገደማ ነው።

አደጋው እንዴት እንደሚደርስ አስቡት። ልጁ ከማዶ መብራት የበራበት ቤት ያያል፤ ጓደኞቹ ቀድመውታል። በቆሙት መኪኖች መሃል ሾልኮ ይሮጣል። ጭምብሉ ጎንና ጎኑን ጋርዶበታል፤ ሾፌሩም ጥቁር ካባ የለበሰውን ልጅ የሚያየው አጠገቡ ሲደርስ ነው። ስለዚህ የመንገዱን አንዱን ወገን ጨርሱ፣ ከዚያ መስቀለኛው መንገድ ጋ ተሻገሩ። ወዲያና ወዲህ መመላለስ ይቅር። ከ12 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ አዋቂ አይውጣ።

ከጭምብል የፊት ቀለም ይሻላል። ልብሱ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይሁን፤ ጫማውም የራሱ። የሚያንጸባርቅ ቴፕ ከጀርባውና ከከረሜላ ቦርሳው ላይ ለጥፉለት፣ ባትሪም አስይዙት። ብርድ ስለሚሆን ጃኬቱን ከውስጥ አልብሱት፤ ከላይ ከደረበው ቴፑ ይሸፈናል።

ከረሜላው ቤት ገብታችሁ በመብራት ሳታዩት አይበላ። የተከፈተውን ጣሉ። ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ካለ የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ከ4 ዓመት በታች ላሉ ደግሞ ጠንካራ ከረሜላ አትስጡ፣ ያንቃል። ማሪዋና የተጨመረበት ከረሜላ ማሸጊያው ከተራው ጋር ሊመሳሰል ስለሚችል፣ የማታውቁትን አስቀሩ። ልጁ አጠራጣሪ ነገር ከበላ ፖይዝን ኮንትሮል (የመርዝ መረጃ ማዕከል) በ1-800-222-1222 ቀንም ሌሊትም በነፃ ይመልሳል፤ ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው 911 ደውሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ «አማርኛ» በሉና አስተርጓሚ ጠይቁ።

በእምነታችሁ ምክንያት በዓሉን ካልፈለጋችሁት የበራችሁን መብራት አጥፉ። የጠፋ መብራት «አንቀበልም» ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የሚቀየማችሁ የለም። ልጁ መውጣት ፈልጎ እናንተ የሰይጣን ምስል ካልወደዳችሁ ግን ሐኪም ወይም የእሳት አደጋ ሠራተኛ አድርጋችሁ አልብሱት።

በዚያ ምሽት ታክሲ፣ ኡበር ወይም ሊፍት የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተንም እለምናለሁ። ሰፈር ውስጥ ስትገቡ ፍጥነታችሁን ቀንሱ፣ ስልኩን ተዉት፣ ተሳፋሪ ስታወርዱም ከመነሳታችሁ በፊት ዙሪያችሁን ተመልከቱ።