ሰውነታችንን እንወቅ፦ የሴት ልጅ ውጫዊ የመራቢያ አካላት

ስለ ዓይን ወይም ስለ ልብ ስንማር ማናችንም አናፍርም። ስለ መራቢያ አካል ሲነሳ ግን መምህሩም ይቸኩላል፣ ተማሪውም አንገቱን ይደፋል። ስሙን የማናውቀው አካል ሲታመም ደግሞ ለሐኪም ምን ብለን እንነግራለን? ወንዶችም ብትሆኑ አንብቡት፤ እህትና ጓደኛ አላችሁ።

1. ትላልቆቹ የብልት ከንፈሮች፦ በግራና በቀኝ ያሉ ወፈር ያሉ የቆዳ እጥፋቶች ናቸው። በጉርምስና ወቅት ፀጉር ያበቅላሉ። ሥራቸው ውስጠኛውን ክፍል መሸፈን ነው።

2. ትናንሾቹ ከንፈሮች፦ ከትላልቆቹ ወደ ውስጥ የሚገኙ ስስና ፀጉር አልባ እጥፋቶች ናቸው። መጠናቸውና ቀለማቸው ከሴት ሴት ይለያያል፤ አንዱ ከሌላው ቢረዝምም በሽታ አይደለም።

3. ቂንጥር፦ ትናንሾቹ ከንፈሮች ከላይ በሚገናኙበት ቦታ ይገኛል። ከውጭ የሚታየው ጫፉ ብቻ ሲሆን አብዛኛው ክፍሉ በውስጥ ነው። ብዙ የስሜት ነርቮች አሉት።

4. የሽንት መውጫ ቀዳዳ፦ ከቂንጥር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ብዙዎች ሽንትና የወር አበባ በአንድ ቀዳዳ የሚወጡ ይመስላቸዋል፤ አይደለም፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

5. የብልት ቀዳዳ፦ ከሽንት መውጫው በታች ነው። የወር አበባ የሚፈሰውም፣ ሕፃን የሚወለደውም በዚህ ነው።

6. የድንግልና ስስ ሽፋን፦ በብልት ቀዳዳው ጠርዝ ላይ የሚገኝ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ቢዘጋማ የወር አበባ በየት ይወጣ ነበር? ቅርጹ ይለያያል። በመጀመሪያው ግንኙነት ሁሉም ሴት አትደማም። ስለዚህ ደም አልታየም ብሎ ሙሽራን ማዋረድ ወይም ወደ ቤተሰቧ መመለስ ከእውነት የራቀ በደል ነው።

ስለ ግርዛት

"ያልተገረዘች ዕቃ ሰባሪ ትሆናለች" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ቂንጥርና ዕቃ መስበር ምን አገናኛቸው? ግርዛት ጤነኛ አካልን ቆርጦ መጣል ነው። ደም መፍሰስ፣ ቁስለት፣ የሽንት ችግርና ከባድ ምጥ ያስከትላል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት የአገራችን ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 ድርጊቱን በወንጀል ያስቀጣል። እናም ታናሽ እህትሽ ልትገረዝ ነው ከተባለ ዝም አትበዪ።

ንጽሕና እንዴት?

ውጫዊውን ክፍል በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይበቃል። ውስጡ ራሱን በራሱ ያጸዳል፤ ሳሙና፣ ሎሚ ወይም ሽቶ አያስፈልገውም። ከሽንት ቤት በኋላ ከፊት ወደ ኋላ ጥረጊ፤ ከፊንጢጣ የሚመጣ ጀርም ወደ ሽንት መውጫው እንዳይገባ ይከላከላል።

መቼ ወደ ጤና ጣቢያ?

ነጣ ያለ ወይም ውሃ የመሰለ፣ መጥፎ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ጤናማ ነው። ነገር ግን የሚሸት ወይም ቀለሙ የተለወጠ ፈሳሽ፣ ቁስል፣ እብጠት፣ ማሳከክ ወይም ሽንት ስትሸኚ ማቃጠል ካለ ሳትዘገዪ ታዪ። የአባላዘር በሽታ ሊሆን ይችላል። ቁስልና መቆጣት ደግሞ ለኤች.አይ.ቪ. በር ይከፍታሉ። በጓደኛ ምክር መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ በሽታውን ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም። የአባላዘር በሽታ ከተገኘ የፍቅር ጓደኛም አብሮ መታከም አለበት፤ አለበለዚያ በሽታው ተመልሶ ይመጣል።

አካልሽን በመስታወት ማየት ነውር አይደለም። ጤነኛው ምን እንደሚመስል ያወቀች፣ ለውጥ ሲመጣ ቀድማ ታውቃለች።