ከቲማቲሙ በፊት ሣሩን

ያቺን የቲማቲም ችግኝ አሁን አትትከያት፤ ከነፕላስቲኳ ወደ ቤት መልሻት። የቼሪው አበባ ረግፏል፣ ቀትር ላይ ያለ ሹራብ ትሠሪያለሽ፣ የእርሻ ዕቃ መሸጫውም ኤፕሪል ሳይጋመስ ችግኙን በር ላይ ደርድሮታል፤ ጊዜው የደረሰ ቢመስልሽ አልፈርድብሽም። ግን ይህ ቶኪዮ አይደለም። እዚያ ካቱሺካ ሰፈር እያለሽ በረንዳሽ ላይ ያሳደግሽው ቃሪያ እንዲህ ያለ ብርድ አያውቅም። ይህ የናጋኖው ኢና ሸለቆ በሁለት የተራራ ሰንሰለቶች መካከል የተጋደመ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ብርዱ ቁልቁል ወርዶ ማሳው ላይ ይተኛል። ጠዋት ስትወጪ ቅጠሉን ጠቁሮና ተልፈስፍሶ ታገኚዋለሽ።

እዚህ ያሉ አዛውንቶች የሚጠብቋት ቀን አለች። ሃቺጁሃቺያ ይሏታል፣ ሰማንያ ስምንተኛዋ ሌሊት። ጸደይ ገባ ከሚባልበት ከፌብሩዋሪ 4 ገደማ ጀምረሽ 88 ስትቆጥሪ ሜይ 2 ላይ ትደርሻለሽ፤ በእኛ ሚያዝያ 24 ገደማ መሆኑ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1873 የፈረንጁን ካላንደር ስትቀበል እንዲህ ያሉት የወቅት ምልክቶች አብረው አልጠፉም፤ ገበሬው ዛሬም ይቆጥራቸዋል። ከዚያም በፊት የናጋኖ ሰው በረዶው ከተራራው ላይ ሲቀልጥ የሚቀረውን ቅርጽ እያየ ነበር የሚዘራው። አንቺም ቲማቲሙን፣ ደበርጃኑን፣ ኪያሩንና ዱባውን ከዚያች ሌሊት በኋላ ትከዪ፤ እዚህ ከፍታ ላይ አንድ ሳምንት ብትጨምሪበት ደግሞ የሚቀርብሽ ነገር የለም።

እስከዚያው እጅሽ ሥራ አያጣም። አፈሩ ጥቁር ስለሆነ አገር ቤት የምታውቂው መረሬ እንዳይመስልሽ። የእኛ ጥቁር አፈር ሲረጥብ ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ይሄኛው ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኘ ነው፤ እፍኝ ስትሞዪው ክብደት የለውም፣ በጣትሽ መሃል ይበተናል። ለመቆፈር ይመቻል፣ ለመመገብ ግን ያስቸግራል። የሰጠሽውን ፎስፈረስ አጥብቆ ይይዛል እንጂ በቀላሉ ለሥሩ አይለቅም፤ የአገሩ ዝናብም እያጠበው ወደ አሲድነት ያደላል። ስለዚህ ከመትከልሽ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ኖራ በትኚና ገልብጪው፤ ሳምንት ቆይተሽ ብስባሽና የዶሮ ኩስ ጨምሪ። ሁለቱን በአንድ ቀን አትቀላቅዪ፣ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ያመልጥሻል። የሩዝ ፉርሽካ በብዙ መንደር ሳንቲም ተከፍሎባቸው ሩዝ ከሚፈትጉት ማሽኖች ዘንድ በነጻ ይወሰዳል፤ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ጥሬውን ከቀበርሽው ግን የዱር አሳማ ሽታውን ተከትሎ መጥቶ መደብሽን ያገላብጠዋል። ከደረቅ ቅጠል ጋር አብላልተሽ ተጠቀሚበት።

ተይ እስቲ፣ ዶማውን አስቀምጪና ወደዚህ ነይ። ከቤትሽ ጀርባ እስከ ሩዙ ማሳ የሚወርደውን ተዳፋት እዪው። ከመደብሽ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አሁን ሣሩ ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ ጁን ላይ ጉልበት፣ ጁላይ ላይ ወገብ ይደርሳል። አንቺ ያን ጊዜ ቲማቲምሽን በእንጨት እየደገፍሽ ትሆኛለሽ፣ ጎረቤቶችሽ ደግሞ ምንም ሳይናገሩ ሣርሽን ያያሉ። ስለ ውበት ተጨንቀው እንዳይመስልሽ። በረዥም ሣር ውስጥ ካሜሙሺ የሚባል ተባይ ይራባል፤ ትንሽ፣ ሲነኩት የሚገማ። ሩዙ ዛላ አውጥቶ ፍሬው ገና ወተት ሳለ ተባዩ ወደ ማሳው ይሻገርና አፉን ሰክቶ ይመጠዋል። የተመጠጠችው ፍሬ ስትደርቅ ጥቁር ነጥብ ይወጣባታል። በሩዝ ምርመራ አንደኛ ደረጃ ለማግኘት እንዲህ የጠቆረው ፍሬ ከ1000 ከአንድ መብለጥ የለበትም። 1000 ፍሬ እኮ 20 ግራም ገደማ ነው፣ መዳፍሽን እንኳ አይሞላም። እዚያ ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጥብ ከተገኘ የሰው የዓመት ልፋት ዋጋው ይወርዳል፤ መነሻውም ያንቺ ተዳፋት ሊሆን ይችላል።

አጨዳውም ጊዜ አለው። እዚህ አካባቢ ሩዙ እንደየዝርያው ኦገስት መጀመሪያ ገደማ ዛላ ያወጣል። ዛላው ከመውጣቱ 10 ቀን ቀደም ብለሽ የመጨረሻውን አጨዳ ጨርሺ። ዛላው ከወጣ በኋላ ግን ከማሳው ጎን ያለውን ሣር አትንኪው፣ የቱንም ያህል ቢያሳፍርሽ። ያን ጊዜ ካጨድሽው ተባዩ መጠጊያ አጥቶ በቀጥታ ወደ ሩዙ ይገባል፤ ልትጠቅሚ ስትነሺ ጎዳሽ ማለት ነው። ቀኑ ከተምታታብሽ ወደ ጎረቤትሽ እማማ ግቢ እዪ። እሳቸው ማጨጃቸውን ሲያወጡ አውጪ፣ እሳቸው ሲያስገቡ አስገቢ። ማሽኑን ስትይዢ የፊት መከላከያ አድርጊ፣ ሰው 15 ሜትር ውስጥ ከገባ ወዲያው አጥፊው፤ የሚፈናጠር ጠጠር ከዚያ የቀረበውን ሰው ዓይን ሊያገኝ ይችላል።

ቦዩም እንዲሁ ነው። በጸደይ አንድ እሑድ መንደሩ በሙሉ አካፋ ይዞ ወጥቶ የውሃውን ቦይ በደቦ ይጠርጋል። ማስታወቂያው ከቤት ወደ ቤት በሚዞረው ሰሌዳ፣ ካይራንባን በሚሉት፣ ይደርስሻል፤ አንብበሽ ምልክት አድርጊና በዚያው ዕለት ለሚቀጥለው ቤት አሳልፊው። በአንዳንድ መንደር የቀረ ሰው ገንዘብ ይከፍላል። አንቺ ከፍለሽ አትገላገዪ፣ ሂጂ። የትኛው መዝጊያ ወደ ማን ማሳ እንደሚያፈስ፣ ውሃው በየትኛው ሰዓት የማን እንደሆነ የምትማሪው ጭቃው ውስጥ ቆመሽ ነው። ሩዝ በሚተከልበት በሜይ ደግሞ ማንኛውንም መዝጊያ በእጅሽ አትንኪ።

ከቤቱ ጋር ያየሻት ማሳ ጉዳይ ሌላ ነው። የእርሻ መሬት እንደ ቤት ተዋውለሽ አትገዢውም፤ የአካባቢው የእርሻ ኮሚቴ መፍቀድ አለበት። ድሮ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ካልያዝሽ በአብዛኛው ቦታ አይሆንም ነበር፤ ያ ገደብ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ቀርቷል። መንገዱ ተከፍቷል፣ ግን አትቸኩዪ። አንድ ዓመት በዚህች ጓሮ እጅሽን አፍታቺ።

ጁን መጀመሪያ ላይ ዝናቡ ይገባና እስከ ጁላይ አጋማሽ ይቆያል። የእኛን ክረምት እያሰብሽ አትዘናጊ፤ እዚህ ከዝናቡ ጋር ሙቀትም አለ፣ ቲማቲም ደግሞ ከላይ የሚወርድበትን ውሃ አይወድም። ቅጠሉ በሽታ ይይዘዋል፣ ፍሬው ይሰነጠቃል። ከላዩ ላይ ላስቲክ ወጥሪለት፣ ከሥሩ ጭድ አንጥፊ፣ ጭቃው ተፈናጥሮ ቅጠሉን እንዳይነካው። በዚያው ሰሞን ኡሜ የሚሉት የጃፓን ፕለም ያፈራል። ጥሬውን አትቅመሺው፣ መርዝነት አለው። ቢጫ መሆን የጀመረውን ለቅመሽ በክብደቱ 18 በመቶ ገደማ ጨው አድርገሽ በከባድ ነገር ተጫኚው፤ በጥቂት ቀን የራሱ ውሃ ወጥቶ ይሸፍነዋል። ዝናቡ ሲያባራ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አስጪው። ሰውነት ላብ ጨርሶ በሚዝልበት በኦገስት አንዲቷን ከሩዝ ጋር ስትበዪ ታመሰግኚኛለሽ።

በበጋው ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ሥሪና ግቢ። ኪያርን በየቀኑ ልቀሚ፤ አንድ ቀን ካለፈሽ ያብጣል፣ ተክሉም ማፍራቱን ይቀንሳል። የጎረቤት ኪያር በርሽ ላይ ተቀምጦ ብታገኚ አንቺም ኪያር አትመልሺ፣ ያን ጊዜ ኪያር ያልሞላው ቤት የለም። ቡና ቁዪና ጥሪያቸው። ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ደግሞ ሱዙሜባቺ ከሚባለው ትልቅ ተርብ ተጠንቀቂ። ጥቁር ነገር ላይ ይወርዳል፤ ፀጉርሽን በነጭ ሻሽ ሸፍኚ፣ ጥቁር ልብስ አትልበሺ፣ ከጣሪያው ሥር ቤት ከሠራ ራስሽ ልታነሺው አትሞክሪ።

ሙቀቱ ገና ሳይለቅ የክረምቱን አትክልት መዝራት ግድ ነው። ሃኩሳይ የሚሉት ጎመን ኦገስት ሳያልቅ ካልገባ ብርዱ ይቀድመውና ራስ ሳይቋጥር ይቀራል። ዳይኮን የሚሉት ረዥሙ ነጭ ሥርም ከእሱ ብዙ አይርቅም። ለእኔ ግን ከሁሉም ኖዛዋና ይበልጥብኛል፣ የናጋኖ የራሱ ቅጠል ነው። ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ዝሪውና ኖቬምበር ውርጭ እስኪመታው ተዪው፤ ያን ጊዜ ይለሰልሳል፣ ይጣፍጣል። የአገሩ ሰው በጨው ያስቀምጠዋል። አንቺ ግማሹን እንደነሱ አድርጊ፣ ግማሹን በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ እንደ ጎመናችን ሥሪው።

አሁን ያን በበሩ ፊት ያለውን የካኪ ዛፍ ቀና ብለሽ እዪልኝ። ኦክቶበር ማብቂያ ላይ ብርቱካናማ ፍሬ ይሸከማል፤ ነክሰሽ ካየሽው ምላስሽን ያኮማትረዋል። በታኒን የተሞላ ስለሆነ ነው። ሲደርቅ ታኒኑ በምራቅ መሟሟቱን ያቆማል፣ ያን ጊዜ ጣፋጭነቱ ብቻ ይቀራል። የዚህ ሸለቆ ደረቅ ካኪ፣ ኢቺዳጋኪ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በስሙ በመንግሥት የተመዘገበ ምርት ነው፤ ከቴንሪዩ ወንዝ የሚነሳው የጠዋት ጉም ይረዳዋል ይላሉ። ስትለቅሚ ከቅርንጫፏ ጥቂት አስቀርተሽ ቁረጪ፣ ገመዱ የሚይዘው እሷን ነው። ልጣጩን ከላይ ወደታች በቀጭኑ አንሺ፣ ባርኔጣዋን ግን አትንኪ። እየፈላ ባለ ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ሰኮንድ ነከር አድርጊው፣ ሻጋታን ይከላከላል። ከዚያ ነፋስ በሚያገኘው፣ ዝናብ በማይደርስበት ክፈፍ ሥር፣ እርስ በርስ ሳይነካኩ ስቀያቸው። ሳምንት ወይም 10 ቀን ቆይቶ ላዩ ሲደርቅ በጣትሽ ቀስ ብለሽ እሺው፣ የውስጡ እርጥበት ወደ ውጭ እንዲወጣ። እያደር የሚወጣበት ነጭ ዱቄት የራሱ ስኳር ነው፤ ሻጋታ መስሎሽ እንዳትጥዪው። አየሩ ገና ሞቃት ከሆነ አትቸኩዪ፣ ደረቁ ቀዝቃዛ ነፋስ ሲመጣ ላጪ።

እዚህ አገር አንዲት ፍሬ ዛፉ ላይ ለወፍና ለሚቀጥለው ዓመት የመተው ልማድ አለ። ልማዱን እወደዋለሁ። ቢሆንም አንቺ አንድም ሳታስቀሪ አራግፊው። ተራራው ላይ የዛፉ ፍሬ በጎደለ ዓመት ድብ ለክረምቱ ስብ ፍለጋ ወደ መንደር ይወርዳል፣ ካኪን ደግሞ ከሩቅ ያሸታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የበጀት ዓመት በመላ ጃፓን ከ200 በላይ ሰው በድብ ተጎድቷል። በዚያው ዓመት በተደረገው የቤቶች ጥናት ወደ 9 ሚሊዮን ባዶ ቤት ተቆጥሯል፤ ከብዙዎቹ ጓሮ ውስጥ ማንም የማይለቅመው ካኪ ቆሟል። ያንቺም ቤት እስከ አምና እንደዚያው ነበር፣ ስለዚህ መንገዱን የለመደ ድብ ሊኖር ይችላል። የወደቀውንም ልቀሚ፣ የወጥ ቤት ቅሪት ደጅ አታሳድሪ፣ የመንደሩ ድምጽ ማጉያ ድብ ታየ ሲል ከቤት አትውጪ። ዛፉ ላይ መድረስ ካቃተሽ ጎረቤት ጥሪ፤ እነሱም የሚተኙት የአንቺ ዛፍ ሲራገፍ ነው።

ክረምት ሲገባ በቴርሞሜትሩ ላይ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ብታዪ አትደንግጪ። ከመተኛትሽ በፊት የቧንቧውን ማፍሰሻ ከፍተሽ ውሃውን አውጪ፤ ካልሆነ በረዶ ሆኖ ቧንቧውን ያፈነዳዋል። ማፍሰሻው የት እንዳለ ዛሬውኑ ፈልጊ፣ ሌሊት በእጅ ባትሪ የሚፈለግ ነገር አይደለም።

በመኸር የሚተከለውን ሽንኩርት ለኔ ተዪው፤ ችግኙን ሴፕቴምበር ላይ አዛለሁ፣ ኖቬምበር ሲገባ ይዤልሽ እመጣለሁ። ውፍረቱ ከእርሳስ ትንሽ የቀጠነ መሆን አለበት፤ ከዚያ የወፈረው ጸደይ ላይ አበባ አውጥቶ ይበላሻል፣ ከዚያ የሳሳው ክረምቱን አይወጣም። አንቺ በምሥራቅ በኩል ያለውን መደብ ከሁለት ሳምንት በፊት ኖራ በትነሽ ገልብጠሽ ጠብቂኝ፣ ብስባሹንም በሳምንቱ ጨምሪበት። ከእማማ ቤትም የሩዝ ገለፈት ጠይቂ፤ ውርጩ ሥሩን እንዳያነሳው ከላይ እናለብሰዋለን።