መጽሔት በየወሩ ለምን ይጠበቃል?

ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል ከቃል ገጣጥማችሁ ይህን ገጽ በራሳችሁ ለማንበብ የበቃችሁ ወገኖቻችን! ባለፉት ትምህርቶች ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ንጹሕ ውሃና ስለ ከብት በሽታ አንብበናል። የዛሬው ትምህርት ትንሽ ለየት ይላል፤ ስለ መጽሔት ነው። መጽሔት ስንል ወር ጠብቆ የሚወጣውን፣ ልብ ወለድና የሐሳብ ጽሑፍ አብረው የሚገኙበትን ዓይነት ማለታችን ነው።

«ይህ ደግሞ ለገበሬ ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር። በኋላ ሐሳባችንን ለወጥን፤ እንዴት እንደለወጥን እንንገራችሁ።

መጽሔት ጋዜጣ አይደለም። ጋዜጣ የትናንቱን ወሬ ይዞ ቶሎ ይደርሳል፤ ቶሎም ያረጃል። መጽሐፍም አይደለም። መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ ተነቦ ያልቃል። መጽሔት ግን የብዙ ሰው እጅ ያለበት፣ ወር በመጣ ቁጥር የሚመለስ ነገር ነው። እንደ ጽዋ ማኅበር ነው ብንላችሁ ይቀላል። ማኅበሩ ቀኑን ጠብቆ ይሰበሰባል። ጠላው ይቀዳል፣ ዳቦው ይቆረሳል፤ ጨዋታው ባለፈው ወር ከቆመበት ይቀጥላል። ባለፈው የተኳረፉ ቢኖሩ በዚህኛው ይታረቃሉ፤ ወይም ጠቡ ይብሳል። መጽሔት የሚከታተል ሰውም ወሩን የሚቆጥረው እንዲህ ነው።

ከእኛ ከዘማቾቹ ሦስታችን የአዲስ አበባ ልጆች ነን፤ ያደግነው ልደታ ነው። ሰፈሩ ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ይገኛል። ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ወር በባተ በአንደኛው ቀን ልደታ መሆኗን እናንተም ታውቃላችሁ። ድሮ ሰፈሩን የሞሉት የተጠጋጉ የጭቃ ቤቶች ነበሩ። በ2000ዎቹ ዓመታት ብዙዎቹ ፈርሰው ፎቅ ተሠራባቸው። የአንዳችን አያት ቤታቸው ሲፈርስ ከዕቃው ሁሉ አስቀድመው ያወጡት አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነበር። ወርቅ ያለበት የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ። ሲከፈት «መነን» እና «የካቲት» የሚባሉ የድሮ መጽሔቶች ናቸው። «መነን» በንጉሡ ዘመን ይወጣ የነበረ ነው፤ ስሙም የእቴጌይቱ ስም ነው። «የካቲት» የመጣው ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ሲሆን ስሙን የወሰደው አብዮቱ ከፈነዳበት ወር ነው። ሁለቱም ዛሬ አይታተሙም።

አባባ እንደነገሩን መጽሔቱ ሲወጣ አራት ጎረቤት ሳንቲም አዋጥቶ አንድ ይገዛል። ማታ ማታ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሌላው ቡና እየጠጣ ያዳምጣል። ከዚያ በኋላ በተራ ከቤት ቤት ይዞራል። ከሁለት ቀን በላይ ያቆየ ይወቀሳል። ወጥ ያንጠባጠበበት ደግሞ በሚቀጥለው ወር ተራው መጨረሻ ይሆናል። ሳጥኑን ስናገላብጥ የወጡ ጠብታ ዛሬም አለ።

እማማ ግን ያኔ ማንበብ አይችሉም ነበር። አባባ የማታ ሥራ ሲገቡ ታሪኩ መካከል ላይ ይቆማል። ልጅቱ ተዳረች ወይስ ጠፋች? መጽሔቱ እዚያው መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ መልሱም ውስጡ አለ፤ እማማ ግን አይደርሱበትም። «ቁልፍ ጠፍቶብኝ ከገዛ ቤቴ ደጃፍ የቆምሁ ይመስለኝ ነበር» ይላሉ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር በመጀመሪያው ዙር ተመዘገቡ። ሌላው ሰው የተማረው ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ፊርማ ለመፈረም ነው። እማማ ግን ታሪኩ የት እንደደረሰ ለማወቅ ነው የተማሩት። ይህን ሲነግሩን ስቀን ነበር። ሆኖም ከእሳቸው ጋር የምስክር ወረቀት ከተቀበሉት መካከል የሚያነቡት አጥተው ፊደሉ የጠፋባቸው አሉ። የእማማ ፊደል አልጠፋም፤ በየወሩ ሥራ ነበረበት። ያልታረሰበት ማረሻ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አንነግራችሁም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ታሪክ ስናነብላችሁ አንድ አባት «ይህ ሰው በእውነት ነበረ ወይ?» ብለው ጠየቁን። «የለም፣ ልብ ወለድ ነው» ስንላቸው «ታዲያ ውሸት ልታስተምሩን ነው የመጣችሁት?» አሉ። ያኔ በደንብ አልመለስንላቸውም። አሁን እንሞክር።

ልብ ወለድ ማለት ልብ የወለደው ማለት ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መጽሐፍ ርእሱም «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ውሸታም ሰው እንድታምኑት ፈልጎ ይዋሻል። የልብ ወለድ ጸሐፊ ግን «ይህን ከልቤ አወጣሁት» ብሎ አስቀድሞ ይነግራችኋል። እናንተስ ስለ ጦጣና ስለ ጅብ ለልጆቻችሁ ስትተርቱ ዋሻችሁ ይባላል እንዴ? ተረቱን የሰማ ልጅ ጅቡን ትቶ ጎረቤቱን መመርመር ይጀምራል። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያዳመጡ አዛውንቶች በመካከላችሁ ይኖሩ ይሆናል። ጉዱ ካሳ የሚባል ሰው በምድር ላይ አልነበረም። እሱ የተናገረው የባላባትና የጭሰኛ ነገር ግን ነበረ።

ሁሉም ጥሩ ነው አንልም። ሳጥኑ ውስጥ ገና በሁለተኛው ገጽ መጨረሻቸው የሚታወቅ ታሪኮች አሉ፤ ሰውየው ሳይታመም መድኃኒቱ ይታዘዝለታል። እነዚህን እኛ ዘለልናቸው። እናንተም መዝለል ትችላላችሁ።

ልብ ወለዱና የሐሳቡ ጽሑፍ ጎን ለጎን መሆናቸው ደግሞ ጥቅም አለው። በንጉሡም በደርግም ዘመን ጽሑፍ ሳይመረመር አይታተምም ነበር። ስለዚህ በግልጽ የማይባለውን ደራሲዎች ታሪክ ውስጥ ያስገቡት ነበር። ሰምና ወርቅ ለምታውቁት ለእናንተ ይህ አዲስ አይደለም። ነገር ግን ያስከፍላል። በዓሉ ግርማ የ«መነን» አዘጋጅ ነበር፤ ኋላም ዝነኛ ደራሲ ሆነ። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» የተባለ ልብ ወለድ ቢያሳትም መጽሐፉ ታገደ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ልብ ወለድ ውሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ይፈራው ነበር?

ታሪክን በየወሩ እየቆረሱ ማስጠበቅ የእኛ አገር ብልሃት ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ቻርልስ ዲከንስ የሚባል ደራሲ የመጀመሪያውን ረጅም ልብ ወለዱን በ1836 እና በ1837 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በየወሩ በቀጭን ጥራዝ ነበር ያወጣው። ሙሉ መጽሐፍ በአንዴ መግዛት የከበደው ሰው በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየከፈለ አነበበው። የልደታዎቹ አራት ጎረቤቶችም ያደረጉት ይህንኑ የሚመስል ነው።

እዚህ መንደር መጽሔት የሚሸጥ ሱቅ የለም። እኛ ከሳጥኑ ሦስት ቁጥር ይዘን መጥተናል። እማማ ሲሰጡን «እነዚህን ሳትይዙ እንዳትመለሱ» ብለውናል። በተራ ይዞራሉ፤ በአንድ ቤት ሁለት ሌሊት ያድራሉ። ከወጥ ይጠበቁ።

ከሦስቱ በአንደኛው ያለውን ታሪክ የመጨረሻ ገጹን አይጥ በልቶታል። አባባ «ልጅቱ ወደ አገሯ ተመልሳለች» ይላሉ። እማማ ደግሞ «አልተመለሰችም፤ እኔው ራሴ ነኝ ያነበብሁት» ይላሉ። ማክሰኞ ማታ እስከተበላው ድረስ ጮክ ብለን እናነባለን። የቀረውን እያንዳንዳችሁ በግማሽ ገጽ ትጽፉታላችሁ። ኩራዝ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ።