«የእገሌ ወንድም» ወይስ ተዋናይ? የክሊንት ሃዋርድ የስልሳ ዓመት ሥራ ሲመዘን

መግቢያ

በአገራችን ወንድም ጋሻ ነው። ወንድምነህ፣ ወንድማገኘሁ እያልን ስም የምናወጣውም ለዚህ ነው። ይኸው ሕዝብ ግን «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ብሎም ይተርታል። አንድ ሰው ሥራ ሲያገኝ፣ ወንድሙ ቀድሞ እዚያው ካለ «በዘመድ ነው የገባው» ለማለት ማንም አይዘገይም። በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ገበያ ታዋቂ ወንድም ያለው ሰው የራሱ ስም ተረስቶ «የእገሌ ወንድም» ሆኖ ይቀራል። ስም ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ነገር ግን ሰውየው የሠራው ሥራ ሁሉ አብሮ ይረሳል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንን ጉዳይ በአንድ የፊልም ተዋናይ ሕይወት ላይ ለማየት እሞክራለሁ። ተዋናዩ ክሊንት ሃዋርድ ይባላል። ታላቅ ወንድሙ ሮን ሃዋርድ «ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ» በተባለው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2002 የምርጥ ዳይሬክተርነት ኦስካር የተሸለመ የሆሊውድ ሰው ነው። ጥያቄዬ ቀላል ነው፤ ክሊንት የኖረው በወንድሙ ነው ወይስ በራሱ? ይህን ሰው የመረጥኩት ሥራው በፊልም ላይ የተቀረጸና ዓመተ ምሕረቱ የታወቀ በመሆኑ ነው። ስለዚህ በሐሜት ሳይሆን በመረጃ መመዘን ይቻላል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካራክተር ተዋናይ ማለት ምን ማለት ነው?

ፊልም ላይ መሪ ተዋናይ አለ፤ ታሪኩ የሚሽከረከረው በእሱ ዙሪያ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ጎረቤቱን፣ ዳኛውን፣ ፖሊሱን፣ ባለ ሱቁን፣ እብዱን የሚጫወቱ አሉ። ከእነዚህ መካከል ልዩ የሆነ መልክ፣ ድምፅ ወይም አኳኋን ኖሯቸው፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሙሉ ሰው ሠርተው የሚወጡትን ካራክተር ተዋናይ እንላቸዋለን። ተመልካቹ አብዛኛውን ጊዜ ስማቸውን አያውቅም። «ያ ሰውዬ መጣ!» ነው የሚለው።

ይህ ሥራ ከመሪ ተዋናይነት የሚከብድበት ጊዜ አለ። መሪው ተዋናይ ገጸ ባሕርዩን ለማስተዋወቅ ሁለት ሰዓት አለው። ካራክተር ተዋናይ ግን ሁለት ደቂቃ ብቻ ሊኖረው ይችላል። የታሪኩን ጅማሬና ፍጻሜ ይዞ ስለማይገባ ሰውየው ከየት እንደመጣ በአረማመዱና በአነጋገሩ ማሳየት አለበት። ከመሪው ተዋናይ በልጦ ከታየ ትዕይንቱን ያበላሻል፤ ጨርሶ ካልታየ ደግሞ ባይኖር ይሻል ነበር።

ከአባት የተጀመረ ሙያ

የሃዋርድ ቤት ታሪክ የሚጀምረው ከሮን ሳይሆን ከአባታቸው ከራንስ ሃዋርድ ነው። ራንስ በ1928 በኦክላሆማ ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። ተዋናይ ለመሆን ከእርሻ ወጥተው ሆሊውድ ገቡ። ታዋቂ ሳይሆኑ፣ ግን ሥራቸውን ሳያቋርጡ፣ በ2017 እስካረፉበት ድረስ ትንንሽ ሚናዎችን ተጫወቱ። እናታቸው ጂንም ተዋናይት ነበሩ።

ስለዚህ ሁለቱ ልጆች ትወናን የተማሩት እቤታቸው፣ ከአባታቸው ነው። ሮን በ1954፣ ክሊንት በ1959 ተወለዱ። ሁለቱም ፊደል ሳይለዩ ነው ካሜራ ፊት የቆሙት። ለክርክራችን ይህ ወሳኝ ነው። ክሊንትን ወደ ሙያው ያስገባው ወንድሙ አይደለም። በሩን ለሁለቱም የከፈቱት አባት ናቸው።

ወንድሙ ዳይሬክተር ከመሆኑ በፊት

ሮን በልጅነቱ ከ1960 እስከ 1968 «ዘ አንዲ ግሪፊት ሾው» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ኦፒ የተባለውን ልጅ ሆኖ ይጫወት ነበር። ትንሹ ክሊንትም እዚያው ድራማ ላይ ሊዮን ሆኖ በጥቂት ክፍሎች ታየ። ሊዮን የከብት ጠባቂ ልብስ የለበሰ ሕፃን ነው። ሰው ሲያናግረው አይመልስም። ዝም ብሎ የያዘውን ሳንድዊች «እንካ ግመጥ» በሚል ዓይነት ይዘረጋል። ቃል ሳይናገር የሚታወስ ገጸ ባሕርይ በሦስት ዓመቱ ሠራ ማለት ነው።

በ1966 የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ «ስታር ትሬክ» በተባለው የጠፈር ድራማ ባሎክ የተባለውን የሌላ ዓለም ፍጡር ሆኖ ተጫወተ። ድምፁ በአዋቂ ሰው ድምፅ ተተክቶ ነበር፤ ስለዚህ የቀረው ፊቱና ዓይኑ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በዋልት ዲዝኒ «ዊኒ ዘ ፑህ» ካርቱን ላይ ሩ የተባለውን የካንጋሮ ግልገል፣ በ1967 ደግሞ «ዘ ጀንግል ቡክ» ላይ ትንሹን ዝሆን በድምፁ ተጫውቷል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በአንዱ ሥራ ድምፁን ወስደውበት ፊቱን ብቻ፣ በሌላው ፊቱን ወስደውበት ድምፁን ብቻ ይዞ ሠርቷል። አንድ የትወና መምህር ለልምምድ ብሎ ቢያዘው እንኳ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አይሆንም።

ከ1967 እስከ 1969 «ጄንትል ቤን» የተባለው ድራማ መሪ ልጅ ሆነ። ድራማው በፍሎሪዳ ረግረግ አካባቢ የሚኖር ልጅና ጓደኛው የሆነው ትልቅ ድብ ታሪክ ነው። ያኔ ክሊንት በራሱ ስም የሚታወቅ የልጅ ኮከብ ነበር።

ሮን የመጀመሪያውን የሲኒማ ፊልሙን «ግራንድ ቴፍት ኦቶ»ን ዳይሬክት ያደረገው በ1977 ነው። በዚያን ጊዜ ክሊንት የ18 ዓመት ወጣት ቢሆንም የአሥራ አምስት ዓመት ገደማ የሥራ ልምድ ነበረው። «በወንድሙ ገባ» የሚለው ሐሜት እዚህ ላይ ይወድቃል።

በወንድሙ ፊልሞች ውስጥ

ይህ ማለት ግን ወንድሙ አልረዳውም ማለት አይደለም። እውነቱን መሸፈን አያስፈልግም። ክሊንት ከ«ግራንድ ቴፍት ኦቶ» ጀምሮ «ናይት ሺፍት» (1982)፣ «ስፕላሽ» (1984)፣ «ኮኩን» (1985)፣ «ባክድራፍት» (1991)፣ «አፖሎ 13» (1995)፣ «ሲንደሬላ ማን» (2005)፣ «ፍሮስት/ኒክሰን» (2008)ን በመሳሰሉ በርካታ የሮን ፊልሞች ላይ ታይቷል። እነዚህ በብዙ አገር የታዩ ፊልሞች ናቸው። ፊቱን በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ያየው በእነሱ ነው።

ነገር ግን ሮን ለወንድሙ የሰጠው ምን ነበር? መሪ ሚና አይደለም። የመሪነቱን ቦታ ቶም ሃንክስና ራስል ክሮው ሲይዙት ክሊንት የሚያገኘው ጥቂት ደቂቃ ነው። ለምሳሌ «ሲንደሬላ ማን» ላይ የቦክስ ዳኛ ነው። ይህ እንደ ዳይሬክተር ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል። ዘመድን ከችሎታው በላይ መጫን ፊልሙንም ዘመዱንም ይጎዳል።

«አፖሎ 13»ን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ፊልሙ በሚያዝያ 1970 ወደ ጨረቃ ሲጓዝ አደጋ የደረሰበትን መንኮራኩር እውነተኛ ታሪክ ይተርካል። ክሊንት የሚጫወተው ሳይ ሊበርጎት የተባለውን፣ መሬት ላይ ሆኖ የመንኮራኩሩን ኤሌክትሪክና ኦክስጅን የሚከታተለውን ባለሙያ ነው። የኦክስጅኑ ታንክ ሲፈነዳ ቁጥሮቹ እየወረዱ መሆናቸውን ከሁሉ በፊት የሚያየው እሱ ነው። መጀመሪያ «የመሣሪያው ስህተት ይሆናል» ብሎ ያስባል። ቆይቶ ግን ለአለቃው፣ ኦክስጅን ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹ የሚያስገቡት ቫልቮች ይዘጉ የሚል ሐሳብ ያቀርባል። ይህ ደረቅ የቴክኒክ ቃል ነው። ትርጉሙ ግን «ጨረቃ ላይ ማረፍ ቀረ» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተዋናዩ አይጮህም፣ አያለቅስም። ሰውየው ባለሙያ ስለሆነ ድንጋጤውን በሥራ ቋንቋ ውስጥ መደበቅ አለበት። ተመልካቹ ስለ ቫልቭ ምንም ባያውቅም ነገሩ እንደተበላሸ ከሰውየው ፊት ይረዳል። ትንሽ ሚና ትልቅ ፊልምን ሊሸከም የሚችለው እንዲህ ነው። በነገራችን ላይ አባታቸው ራንስም እናታቸው ጂንም በዚሁ ፊልም ላይ አሉ። ጂን የተጫወቱት የዋናውን ጠፈርተኛ እናት ነው።

ወንድሙ በሌለበት

ትክክለኛው ፈተና ግን ወንድም በሌለበት የሚሠራ ሥራ ነው። በ1979 «ሮክ ኤንድ ሮል ሃይስኩል» በተባለው ኮሜዲ፣ በ1981 ደግሞ «ኢቭልስፒክ» በተባለው አስፈሪ ፊልም ተጫወተ። በሁለተኛው መሪ ተዋናይ ሲሆን ጓደኞቹ የሚያሠቃዩትን የወታደራዊ ትምህርት ቤት ተማሪ ነው የሚጫወተው። በ1995 በ«አይስክሬም ማን» አስፈሪውን አይስክሬም ሻጭ ሆነ። እነዚህ አነስተኛ በጀት ያላቸው ፊልሞች ናቸው። ኦስካር አላመጡም፤ የራሳቸውን ተመልካች ግን አፍርተዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የ«ስታር ትሬክ» ጉዳይ ነው። በ1966 ሕፃን ሆኖ የተጫወተበት ያ ድራማ በየዘመኑ በአዲስ ስምና በአዲስ ተዋንያን ሲሠራ ክሊንት በ1995፣ በ2002፣ በ2018 እና በ2023 በተለያዩ ሚናዎች ተመልሶ ታይቷል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 57 ዓመት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፕሮዲውሰሮቹና ዳይሬክተሮቹ ተለዋውጠዋል። ሮን ሃዋርድ ከእነሱ አንዱ አልነበረም። አንድን ሰው የማያውቁት ሰዎች ደጋግመው ከጠሩት የጠራው ሥራው ነው ማለት ይቻላል።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። የልጅ ኮከብ ሲያድግ መልኩ ይለወጣል፤ ጥሪው ይቀንሳል። ክሊንት በወጣትነቱ በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ተይዞ እንደነበር፣ ከዚያም እንደተላቀቀ ራሱ በግልጽ ተናግሯል። ከወንድሙ ጋር በጋራ ጽፈው በ2021 ባሳተሙት «ዘ ቦይስ» በተባለው የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ሁለቱም በየተራ፣ እያንዳንዱ በራሱ ድምፅ፣ ያሳለፉትን ይተርካሉ። የመጽሐፉ አሠራር ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። አንዱ ዋና ተራኪ፣ ሌላው አጃቢ አይደለም።

ወደ እኛ ስንመጣ

በጥበብ የተሳሰረ ቤተሰብ እኛም ዘንድ አለ። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የተወለዱት ጎንደር ነው። አባታቸው ገሪማ ታፈረ የ«ጎንደሬ በጋሻው» ደራሲና የቴአትር ሰው ነበሩ። ኃይሌም በልጅነታቸው በአባታቸው የቴአትር ቡድን ውስጥ ተጫውተዋል። በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ልዩ የዳኞች ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ያገኘው «ጤዛ» ሲሠራ እህታቸው ሰሎሜ ገሪማ በፕሮዲውሰርነት ከሠሩት አንዷ ናቸው። በእርግጥ እሳቸው የቆሙት ካሜራ ፊት ሳይሆን ከካሜራው ጀርባ ነው። ሆኖም ጥያቄው ያው ነው። የፊልም አድናቂ «ጤዛ»ን ሲያነሳ ኃይሌን ይጠራል። ገንዘቡ፣ ሰዉ፣ ቦታው፣ ፈቃዱ እንዴት ተገኘ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። «ክሊንት ጎበዝ ነው እንበል። እንደሱ ጎበዝ ሆኖ አባትም ወንድምም የሌለውስ?» ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከሊበን ገጠር መጥቶ አዲስ አበባ ላይ አንድም ዘመድ የሌለው ተማሪ ይህን ቢጠይቅ ምቀኛ ሊባል አይገባም። በሩ ለሁሉም እኩል አይከፈትም። የክሊንት ታሪክ ይህን አያስተባብልም። የሚያሳየን በሩና ሥራው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። በር በዘመድ ሊከፈት ይችላል፤ ካሜራው ሲነሳ ግን ዘመድ ገብቶ አይጫወትልህም።

ስለዚህ የአንድን ረዳት ተዋናይ ሥራ ስናጠና እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ብንጠይቅ ይጠቅመናል። አንደኛ፣ ታዋቂው ዘመዱ ሥልጣን ከማግኘቱ በፊት ምን ሠርቷል? ሁለተኛ፣ ዘመዱ በሌለበት ማን ጠርቶታል? ሦስተኛ፣ በተሰጠው ደቂቃ ውስጥ ምን ሠራ? እሱን ከትዕይንቱ ብናወጣው ምን ይጎድላል?

ማጠቃለያ

ክሊንት ሃዋርድ በወንድሙ ተጠቅሟል፤ በወንድሙ ግን አልተሠራም። ከወንድሙ በፊት ነበር፣ ከወንድሙ ጋር ሠራ፣ ወንድሙ በሌለበትም ተፈለገ። ትንሽ ሚና የውድቀት ምልክት እንዳልሆነም አሳይቷል። ስድሳ ዓመት ሙሉ የሚጠራ ተዋናይ ምን ጎደለው?

ለዲፓርትመንታችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ድራማ ስናዘጋጅ መሪውንም ረዳቱንም ሚና በግልጽ ኦዲሽን ብንሰጥ፣ ትንሹን ሚና ለተረፈ ሰው ከመጣል ይልቅ ለእሱም በቂ ልምምድ ብናደርግ ጥሩ ነው። ያኔ «በዘመድ ነው» የሚለው ሐሜት ይቀንሳል። ማንም የማያውቀው ልጅም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ማንነቱን ማሳየት ይችላል።