ቀን ያልተቆረጠለት ተስፋ

ደብዳቤ ስንጽፍ፣ ውል ስንዋዋል፣ የሠርግ ጥሪ ስናሳትም ከዓመቱ ቀጥለን «ዓ.ም.» እንላለን። ዓመተ ምሕረት ማለታችን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን 5500 ዘመን ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ ሊቃውንት ዓመተ ፍዳ፣ ዓመተ ኵነኔ ይሉታል። በአበው ትረካ አዳም ከገነት ሲወጣ ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ እንደሚድን ተስፋ ተሰጠው። የሰማዩ አንድ ቀን በእኛ ቁጥር ሺህ ዓመት ነውና አምስት ቀን ተኩሉ 5500 ዓመት ሆነ። የቀበሌ መታወቂያችን ላይ የታተመው ቀን ሳይቀር ረጅም ጥበቃን ያስታውሳል ማለት ነው፤ ልብ የሚለው ሰው ግን ጥቂት ነው።

አዳምስ ቢያንስ ቀን ተቆርጦለታል። ለአብርሃም ግን አልተቆረጠለትም።

ዘፍጥረት የአብርሃምን ዕድሜ በጥንቃቄ ይመዘግባል። ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነው። ታላቅ ሕዝብ እንደሚሆን ተነግሮታል፤ መቼ የሚለው ግን የለም። በኋላም ወራሹ ከገዛ አብራኩ የሚወጣ ልጅ መሆኑ ተነገረው፤ አሁንም መቼ የለም፣ ከማን የሚለውም የለም። ዐሥር ዓመት በከነዓን ተቀመጡ። ሦራ መካን ናት፣ ዕድሜዋም እየገፋ ነው። ስለዚህ ግብፃዊት አገልጋይዋን አጋርን ለባሏ ሰጠችው።

ብዙ ሰባኪ እዚህ ጋ ሲደርስ ሦራን ይወርድባታል። እኔ አልችልም። መካን ሚስት አገልጋይዋን ለባሏ መስጠቷ በዚያ ዘመን ነውር አልነበረም፤ የታወቀ ልማድ ነው። የምትወልደው ሦራ ራሷ መሆኗም እስከዚያ ቀን ድረስ በስም አልተነገረም። ባልና ሚስቱ የሰሙትን ቃል አልካዱም። ቃሉ ውስጥ ባዶ ቦታ አገኙና በራሳቸው ግምት ሞሉት። የእኛም አብዛኛው ጥድፊያ እንዲሁ ነው፤ በክሕደት አይጀምርም። «እግዚአብሔር ብሎኛል፤ እንግዲህ እንዲህ ማለቱ ይሆናል» በሚል ቅን ስሌት ይጀምራል።

እስማኤል ሲወለድ አብርሃም 86 ዓመቱ ነበር። የምዕራፍ 16 የመጨረሻው ቁጥር ይህን ይነግረናል። ከዚያ አንድ መስመር ዝቅ ስንል ምዕራፍ 17 በ99 ዓመቱ ይጀምራል። በሁለት ቁጥሮች መካከል ዐሥራ ሦስት ዓመት አለፈ፤ አንድም የተጻፈ ቃል የለም። ራእይም፣ መልአክም፣ አዲስ ተስፋም አልተመዘገበም። እኛ ገጹን የምንገልጠው በአንድ ትንፋሽ ነው፤ እሱ ግን ከአራት ሺህ በላይ ሌሊቶችን በዚያ ድንኳን አድሯል።

በዚያ ዝምታ ውስጥ አብርሃም የሚጠብቅ አይመስለኝም። ልጅ አለው፤ ልጁ እያደገ ነው፤ ተስፋው የተፈጸመ መስሎታል። ሦራ ትወልዳለች ሲባል በግንባሩ ተደፍቶ ሳቀ፤ ቀጥሎም እስማኤል በሕይወት ቢኖርልኝ ይበቃል የሚል ልመና አቀረበ። የአቋራጭ ትልቁ አደጋ ይህ ይመስለኛል። አንዳንዴ ይሠራል። እጃችን ላይ የምንወደው ነገር ያስቀምጥልናል፣ ከዚያ በኋላ ዋናውን መጠበቅ እንተዋለን።

በዓመቱ ይስሐቅ ተወለደ። አብርሃም 100፣ ሦራ 90። ስሙም ከሳቅ ወጣ። በዚህ ደስታ ላይ ስብከቱን የሚዘጋው ብዙ ነው፤ ታሪኩ ግን ይቀጥላል። ሕፃኑ ጡት ሲጥል ግብዣ ተደረገ፣ በቤቱ ጠብ ተነሣ፣ አጋርና ልጇ እንጀራና አንድ አቁማዳ ውኃ ይዘው ተሰናበቱ። በቤርሳቤህ ምድረ በዳ ውኃው አለቀ። እናቲቱ ልጇን ከቁጥቋጦ ሥር አስቀመጠችና ሞቱን እንዳላይ ብላ የቀስት ውርወራ ያህል ርቃ አለቀሰች። እግዚአብሔር የልጁን ድምፅ ሰማ፣ ዓይኗን ከፈተላት፣ የውኃ ጉድጓድ አየች፤ ሁለቱም ዳኑ።

የቸኮሉት ባልና ሚስቱ ናቸው፤ ውኃ የጠማቸው ግን አጋርና ልጇ።

«ይህን እርምጃ ብወስድ እግዚአብሔርን መቅደሜ ነው ወይስ በተከፈተ በር መግባቴ?» ብሎ ለሚጨነቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላውቅም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? የወንድ ልጅ የንግድ ሕልም ቶሎ ይሳካ ተብሎ የእናቱ ቤት ካርታ አራጣ አበዳሪ እጅ ከገባ፣ ከፋይዋ እናት ናት። ዕድሜዬ ሄደ ብላ ልቧ ያልተቀበለውን ሰው ያገባች እንደሆነ፣ ከፋዩ ነገ በመካከላቸው የሚጎተተው ልጅ ነው። ውጭ ለመሄድ በወረቀት ብቻ የሚፈጸም ጋብቻም ሁለት ሰው ይፈርምበታል፤ ከሁለቱ አንዱ ከልቡ ያመነ ሊሆን ይችላል። ዋጋውን ራሴ የምከፍለው ከሆነ ገና ልመክርበት እችላለሁ። ሌላ ሰው የሚከፍለው ከሆነ ግን እንዲህ ያለውን እርምጃ እምነት ብዬ አልጠራውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። «ጊዜው ሲደርስ ነው» የሚለው ቃል ለሚጠብቅ ሰው ሲነገር አንዳንዴ ድንጋይ ነው። ልጅ ያላገኘችን ሴት በየሠርጉና በየክርስትናው ወደ ጎን እየሳቡ እንዲህ ማለት ማጽናናት አይባልም። ሐኪም ቤት መሄዷንም የእምነት ጉድለት አድርገው የሚቆጥሩ አሉ። አይደለም። በሕክምና ምክንያት የምትገፋ አጋር የለችም። ጸሎቱም ሕክምናውም ጎን ለጎን ይሂዱ፤ የሚያጽናና ነገር የሌለው ደግሞ ቡናውን ጠጥቶ ዝም ቢል ይሻላል።

ታዲያ ዝምታው ሲረዝም ምን ይሠራል? ለዚህ ወደ ነቢዩ ኤርምያስ መሄድ እወዳለሁ። ወደ ባቢሎን የተማረኩት አይሁድ መቼ እንደሚመለሱ አንድ ነገር ብቻ መስማት ይፈልጉ ነበር፤ በቅርቡ። ሐናንያ የተባለ ነቢይም በኢየሩሳሌም ሆኖ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳሉ አለ። ሕዝቡ ፊት ቆሞ ኤርምያስ ለባቢሎን የመገዛት ምልክት አድርጎ አንገቱ ላይ ያኖረውን የእንጨት ቀንበር ሰበረ። ሐናንያ ዛሬም አልጠፋም፤ በየአዲስ ዓመቱ የድል ዓመት፣ የመውጣት ዓመት፣ የእጥፍ ዓመት እያለ ስም ያወጣል። ኤርምያስ ግን ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ላከ። ሰባ ዓመት ነው። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ።

ሁለት ዓመት የተባለ ሰው ሻንጣውን አይፈታም። ቤት አይሠራም፣ ዛፍ አይተክልም፣ ጎረቤት አይተዋወቅም፤ ሁለቱ ዓመት አልፎ ሦስተኛው ሲገባ ተስፋውም ሕይወቱም አብረው ይደርቃሉ። ሰባ ዓመት የተባለው ግን ችግኙን ይተክላል። ከደብዳቤው ተቀባዮች ብዙዎቹ መመለሱን በሕይወት እንደማያዩት ቁጥሩ ራሱ ይነግራቸዋል። ተስፋው ለእነሱ የተላከ ነው፤ የሚፈጸመው ግን ለልጅ ልጆቻቸው ነው። ይህን መዋጥ ከባድ ነው፣ አላቃልለውም።

ኤርምያስ ራሱስ? ኢየሩሳሌም በባቢሎን ጦር ተከባ፣ እሱም በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ሳለ የአጎቱ ልጅ መጣና በዓናቶት ያለውን እርሻ ግዛኝ አለው። ገዛ። 17 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ፣ ውሉን በምስክር ፊት ፈረመ፣ ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠው። ነገ ጠላት የሚይዘውን መሬት በሕጋዊ ውል የገዛ ሰው ነው! መጠበቅ እንደዚህ የሚዳሰስ ነገር ሲሆን ደስ ይለኛል። ሚዛን አለው፣ ምስክር አለው፣ ደረሰኝ አለው።

ወደ አብርሃም ቤት ልመለስ፤ ስለ ልጁ ያልተነገረ ነገር አለ። ይስሐቅ ርብቃን ሲያገባ 40 ዓመቱ ነበር፤ እሷም መካን ሆነች። አባቱ የተቀበለው ተስፋ አሁን በእሱ ትከሻ ላይ ነው፤ የአባቱ አቋራጭም ፊቱ ክፍት ነው። ርብቃ ከአባቷ ቤት የመጣችው ደንገጥሮቿን አስከትላ ነው። ይስሐቅ ግን ስለ ሚስቱ ጸለየ፤ ሌላ ሴት ወደ ድንኳኑ ስለ መግባቷ አልተጻፈም። ዔሳውና ያዕቆብ ሲወለዱ 60 ዓመቱ ነበር። ሃያ ዓመት።

ይህን ትዕግሥት ከየት አመጣው? ርብቃ በግመል ሆና ስትደርስ ይስሐቅ ብኤርለሃይሮኢ ከሚባለው የውኃ ጉድጓድ መንገድ እየመጣ ነበር። አባቱ ካረፈ በኋላም መኖሪያው በዚያው ጉድጓድ አጠገብ ሆነ። ስሙን ያገኘው በአጋር ነው፤ እስማኤልን አርግዛ ከሦራ ፊት በሸሸች ጊዜ የሚያያት አምላክ መኖሩን ያወቀችው በዚያ ቦታ ነበርና። ይስሐቅ ውኃ የሚቀዳው ከእሷ ጉድጓድ ነበር።